የቀረች ትቀጣለች

ወሎ ውስጥ «ወፍረሻል» ስድብ አይደለም። ከቆይታ በኋላ የተገናኙ ሁለት ሴቶች ደሴ ፒያሳ ላይ ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ማሻአላህ፣ ተስማምቶሻል!» ነው። ተስማምቶሻል ማለት ወፍረሻል ማለት ነው። ወፍረሻል ማለት ደግሞ ቤትሽ ሙሉ ነው፣ ባልሽ ደህና ነው፣ ልጆችሽ አላሳዘኑሽም ማለት ነው። «ምነው ከሳሽ?» ግን ሰላምታ አይደለም፤ ምርመራ ነው።

ይህ አነጋገር እንዲያው ከሜዳ አልበቀለም። በ1966ቱ ረሃብ ዓለም ያየው የወሎን ሰው አጥንት ነው። በ1977ም እንዲሁ፤ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የወጣው ምስል ዛሬም ድረስ የአገሪቱ መታወቂያ ተደርጎ ይቀርባል። ከዚያ የኤችአይቪ ዘመን መጣ፤ መክሳት ሹክሹክታ የሚያስነሳ ምልክት ሆነ። እንዲህ ባለ አገር ያደገች ሴት ቀሚሷ ሲጠብባት አትደነግጥም፤ ትረጋጋለች እንጂ።

ስለዚህ «ሴቶቻችን ስፖርት የማይሠሩት ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው» የሚለው የስብሰባ ዓረፍተ ነገር ይቸኩላል። ግንዛቤውማ አለ። ስኳርና ደም ግፊት የሌለበት ቤት መፈለግ እኮ ከባድ ሆኗል፤ ለቅሶ ቤት የሚወራው እሱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 8 ከመቶው ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. 3 ከመቶ ነበሩ። በዚያው በ2016ቱ ጥናት 22 ከመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ አገር ናቸው፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት። ውፍረቱ የሚበዛው ከተማ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ከተማ ናቸው።

አሁን አንዲት ሴት እንያዝ። ስሟ ይቅር። 44 ዓመቷ ነው፤ የ1977ቱ ድርቅ ሲገባ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እናቷ ከአምባሰል ገጠር አዝላት ነው ደሴ የገባችው። ዛሬ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሸቀጥ ሱቅ አላት። ጠዋት 2 ሰዓት ትከፍታለች፣ ማታ 1 ሰዓት ትዘጋለች፣ በመሐል የምትነሳው ለሶላትና ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ነው። ከቤቷ ሱቋ ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። በባጃጅ ነው የምትሄደው። የደሴን ዳገት የሚያውቅ አይፈርድባትም፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር ተለጥፋ ያለች ናት፣ ደልዳላ መንገድ የሚገኘው ዕድለኛ ለሆነ ሰው ነው።

አንድ ቀን ራሷን አዙሯት ጤና ጣቢያ ሄደች። ግፊቷ 160 በ100፣ ክብደቷ 91 ኪሎ። ነርሷ ልጅ ነች፣ ቅን ነች፣ ከኋላ ደግሞ ብዙ ታካሚ ተሰልፏል። «እናቴ፣ እንቅስቃሴ ማድረግ አለብዎት። በሳምንት 150 ደቂቃ» አለቻት። ምክሩ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም እሱን ነው፤ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ችግሩ ያለው «አለብዎት» የምትለው ቃል ላይ ነው። ነርሷ ያዘዘችው ለአንዲት ብቻዋን ለምትኖር ሴት ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ብቻዋን የምትኖር ሴት የለችም፤ ብቻዋን የምትተኛ ብትኖር ነው።

መጀመሪያ ጂም ሞከረች። ሦስት ቀን። በሦስቱም ቀን ያየችው መስታወት ነው። አራቱም ግድግዳ መስታወት፣ መሐሉ ላይ ደረታቸውን የሚነፉ ወጣቶች፣ ጥግ ላይ ሂጃቧን የምታስተካክል አንዲት ወፍራም ሴት። ማንም ክፉ አልተናገራትም። እንዲያውም አንዱ ልጅ «ማሚ፣ በርቺ!» አላት። ያ «በርቺ» ነው የመለሳት። ቀጥሎ ብቻዋን በንጋት መራመድ ጀመረች፤ ውሻው አለ፣ ጭለማው አለ፣ «በዚህ ሰዓት ከየት ትመጣለች?» የሚል ዓይን አለ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዝናብ መጣ፣ አንድ ቀን ቀረች፣ መቅረቷን ያወቀ ሰው አልነበረም፣ በዚያው ቀረች።

ይህን ታሪክ እዚህ ጋ ያቆመ ሰው «ቆራጥነት የላትም» ብሎ ይደመድማል። ግን እስቲ ይቺኑ ሴት ቅሬ ላይ እንያት። ለማያውቅ፣ ወሎ እድሩን ቅሬ ይለዋል፤ እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀበርበት፣ የሚያለቅስበት፣ ድንኳን የሚተክልበት ማኅበር ነው። ይቺ ሴት በ18 ዓመት ውስጥ ከሴቶቹ ቅሬ ቀርታ አታውቅም። ለቅሶ ሲገባ ሁለት ቀን በእግሯ ቆማ ወጥ ታማስላለች፣ ጎንበስ ቀና እያለች ሰሃን ታጥባለች፣ ውሃ በጀሪካን ታመላልሳለች። በባጃጅ የምትሄደዋ ሴት ያን ዕለት የምታፈሰውን ላብ የትኛውም አሠልጣኝ አያስፈስሳትም። ደከመኝ ብላ አታውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቀረች ትታያለች፣ የቀረች ትቀጣለች፣ ከሁሉም በላይ የቀረች ሴት ሥራ ሌላዋ ላይ ይወድቃል።

ሰነፍ አይደለችም ማለት ነው። ለራሷ ሰውነት ብቻ የሚሆን ሥራ አልለመደችም እንጂ ለሰው ሲሆን ጉልበቷ ሞልቶ የተረፈ ነው።

ይህ የአንዲት ሴት ጠባይ ብቻ እንዳይመስል። በ2010 እ.ኤ.አ. የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴ የማያደርጉ ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን እግር ኳስ አጫወቱ፣ ግማሹን አስሮጡ። 16 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ አንድ ሰዓት። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ የገመቱት ሩጫው እንደሚቀላቸው ነው፤ ሩጫ በፈለጉበት ሰዓት ይሮጣል፣ ኳስ ግን ሰው መጠበቅ አለበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። ጥናቱ ካለቀ በኋላ በርትተው የቀጠሉት ኳስ ተጫዋቾቹ ናቸው። «በፈለግኩ ሰዓት» የሚባል ሰዓት እናት ለሆነች ሴት እንደማይመጣ ዴንማርክም ውስጥ ታይቷል። ሌላም ነገር ተስተዋለ። ሯጮቹ ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ጤናና ክብደት ነው፤ ኳስ ተጫዋቾቹ «እኛ» እያሉ ስለ ቡድናቸው ነው የሚያወሩት። አንዷ ብትቀር ጨዋታው ይጎድላል፤ ስለዚህ አይቀሩም።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሊምፖፖ ውስጥ «ቫኬጉላ ቫኬጉላ» የሚባል የአያቶች እግር ኳስ ቡድን አለ። ስሙም አያቶች ማለት ነው። ቤካ ንትሳንዊሲ የምትባል ሴት ናት ያቋቋመችው፤ ራሷ ከካንሰር ጋር እየታገለች። ኳስ የሚያባርሩ የ60 እና የ70 ዓመት ሴቶች! በ2010 እ.ኤ.አ. እስከ አሜሪካ ሄደው ተጫውተዋል። ስለ ግፊትና ስለ ጉልበት ሕመም ሲጠየቁ ይመልሳሉ፤ ስለ ጎል ሲጠየቁ ግን ያብራራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ማሰባሰብና ቡድን መሥራት የተለያዩ ናቸው። ማክሲሚልያን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ለካ፤ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ስምንት ሰው አንድ ላይ ሲጎትት እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ከሚያወጣው ወደ ግማሽ ወረደ። ሰው ሲበዛ ሁሉም «ሌላው ይጎትታል» ይላል። በ1920ዎቹ ደግሞ ኦቶ ኮለር የሚባል ጀርመናዊ በበርሊን የጀልባ ቀዛፊዎች ላይ ተቃራኒውን አገኘ። ሁለት ሰው አንድ ከባድ ብረት አብረው ሲያነሱ፣ አንዱ ካቆመ ሌላውም መቀጠል ሳይችል ሲቀር፣ ደካማው ብቻውን ከሚቆየው በላይ ይቆያል። ይህ የሚሆነው ግን የአቅማቸው ልዩነት መጠነኛ ሲሆን ነው። በጣም ከተራራቁ ደካማው ተስፋ ይቆርጣል፣ በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ የሚያነሳሳው ነገር የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሴት ተማሪዎች ላይ በቋሚ ብስክሌት ተሞከረ። ብቻዋን የምትነዳው በአማካይ 10 ደቂቃ ገደማ ቆይታ ወረደች፤ «ቀድማ ያቆመችው የቡድኑን ውጤት ትወስናለች» የተባለችው ከ20 ደቂቃ በላይ ነዳች። ያውም የቡድን ጓደኛዋ በስክሪን ላይ ብቻ የምትታይ ነበረች።

የእሑድ ማስ ስፖርት ነገር እዚህ ላይ ይነሳ። መንገድ ተዘግቶ፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ፣ አመራሩ ከፊት ቆሞ የሚሠራው። ጥሩ ነገር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ሲጀመር ብዙ ከተማ ውስጥ አስፋልት ላይ ሕፃናት ሲቦርቁ መታየቱ ራሱ ደስ ይላል። አዲስ አበባ ላይ በታላቁ ሩጫ አዘጋጆች የሚሰናዳውና ከ20 ዓመት በላይ ያስቆጠረው «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም ሴቶች ያለ ሐፍረት አደባባይ የሚወጡበት ብርቅ ቀን ነው። ግን የሪንግልማን ገመድ ናቸው። አንድ ሺህ ሰው በተሰበሰበበት አንዲት ባለ ሱቅ ብትቀር ማን ያውቃል? ቲሸርቱ ይታደላል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ሰኞ ሁሉም ባጃጁ ላይ ነው።

ወደ ባለ ሱቋ እንመለስ። ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ስድስት ሴቶች፣ አራት እስላም ሁለት ክርስቲያን፣ ሁሉም አንድ ቅሬ። አቦሉ ላይ ስለ ግፊት ተወራ፣ ቶናው ላይ አንዷ የእህቷን በስኳር እግር መቆረጥ አወራች፣ በረካው ላይ ደንብ ወጣ። ደንቡ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ የቅሬ ልጆች ናቸውና ሌላ አይችሉም። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ከትራንስፎርመሩ ሥር። የቀረች 50 ብር። ከፊት የምትሄደው በጣም ቀርፋፋዋ ናት፤ ፈጣኖቹ ከኋላ። ስለ ኪሎ ማውራት ክልክል።

ሦስተኛው አንቀጽ ኮለርን ያላነበበች ሴት ያወጣችው መሆኑ ይገርማል። በቀርፋፋዋ ፍጥነት ሲኬድ ቀርፋፋዋ የቡድኑ ሸክም ሳትሆን መሪ ትሆናለች፤ ፊት ሆና ደግሞ መቆም ያሳፍራታል። አራተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሰው ስፖርት ትቶ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሚዛን ላይ ወጥቶ ነው። የአንድ ሰዓት እርምጃ ያቃጠለውን አንድ ደህና ቁራጭ ድፎ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ይመልሰዋል፤ በእንቅስቃሴ ብቻ ኪሎ የሚቀንሰው በጥቂቱና በዝግታ ነው። ከውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የሚስበው ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ጭምር ነው፤ የደም ሥር ይለሰልሳል፣ ግፊት ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ሚዛኑ ይህን ሁሉ አያነብም። ሚዛንን ዳኛ ያደረገች ሴት በአንድ ወር ውስጥ ትረታለች።

ስምንት ወር ሄዱ። ባለ ሱቋ አራት ኪሎ ነው የቀነሰችው፤ ሰፈሩም አላወቀም። ግፊቷ ግን 130 ቤት ገባ። መድኃኒቷን አልተወችም፣ መተውም የለባትም፤ የሐኪም ጉዳይ ነው። ጦሳ አጋማሽ ድረስ ሳታርፍ ትወጣለች። ባሏ መጀመሪያ «ሴት ልጅ በሱብሂ የት ትሄዳለች?» ይል ነበር፤ አሁን ሲረፍድባት የሚቀሰቅሳት እሱ ነው። 50 ብሩ የጋራ መሆኑን ካወቀ ወዲህ ነው የሚሉም አሉ።

ሁሉም ግን አላማረም። ከስድስቱ አንዷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። ልጇ ታሞ ሁለት ሳምንት ቀረች፤ ስድስት ቀን፣ 300 ብር። «ልጄ ታሞ ነው» ብትል ይማሯት ነበር፣ ግን አላለችም። ማኅበር ውስጥ ድህነትን አውጥቶ መናገር ከ300 ብሩ በላይ ይከብዳል። ዝም ብላ ቀረች፣ መንገድ ላይ ሲያገኟትም ማዶ ተሻገረች። ይሉኝታ ሴት ከአልጋ ያስነሳል፤ ይሉኝታ ሴት ከማኅበር ያስወጣልም። ቅሬው ለታመመና ላዘነ ምሕረት አለው፤ እነሱ ከቅሬው ቅጣቱን ወስደው ምሕረቱን ረስተው ነበር። ሁለቱ ቤቷ ሄደው፣ ቡና አፍልታላቸው፣ «አብሽሪ፣ ደንቡን ቀየርነው» አሏት። አሁን የቀረች የሚቀጥለውን ቡና ታፈላለች፣ ገንዘብ የለም። በምክንያት የቀረችም ታፈላለች፣ ግን ቡናውን ሌሎቹ ይዘው ይመጣሉ። ተመልሳለች።

ኮምቦልቻ ሌላ ዓለም ነው። ሐረጎን ተጠማዝዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረዱ በኋላ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ አየሩ ይሞቃል፣ መሬቱ ይደለድላል። ዳገት የለም የሚል ሰበብ የለም፤ ፀሐይ አለ የሚል ሰበብ ግን አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጣት ሴቶች በፈረቃ መሐል ረጅም መንገድ በእግራቸው ሲሄዱ ይታያሉ፤ ውፍረት የእነሱ ጭንቀት አይደለም፣ የእነሱ ጭንቀት ምሳ ነው። ተቀምጣ የምትውለዋ ቢሮ፣ ባንክ፣ ሱቅና መምህራን ክፍል ውስጥ ያለችው ናት። የባለ ሱቋ ታናሽ እህት እዚያ አስተማሪ ናት። እነሱ መራመድ ሰለቻቸውና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ መረብ ኳስ ጀመሩ። አጥሩ ግንብ ነው፣ ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ወንድ አይገባም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጅልባቧን አውልቃ በሱሪና በረጅም ቲሸርት መዝለል ለምትፈልግ ሴት ግን ከኳሱ በፊት የሚያስፈልጋት ግንቡ ነው። ሴቶች ስፖርት እንዲሠሩ የሚፈልግ ከንቲባ ካለ ከአደባባዩ መድረክ ይልቅ አጥር ያለው ሜዳና የሚያበራ መብራት ይጠቅማል። የከተሞቹ ወንዶች ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ እያሉ የሚከራከሩበት ኳስ አላቸው። ሴቷ ግን 8ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ከወጣች በኋላ ኳስ የምትነካው ልጇ ከጎረቤት ግቢ ጥሎት ስታመጣለት ነው።

በኳስ ደግሞ ሳቅ አለ፤ መራመድ ውስጥ ያን ያህል የለም። 90 ኪሎ የምትመዝን የሒሳብ መምህርት ሰርቭ ስትመታ ኳሱ ወደ ኋላዋ ሄዶ የዘበኛውን ሻይ ሲደፋ የሚሳቀው ሳቅ ራሱ ሆድ ያሳምማል። ልጅ ሳሉ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ፣ ገመድ ሲዘሉ ማን «ካሎሪ» ብሎ ያውቃል?

የጸጥታው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስ፣ ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት አጥተው ምን እንደሆኑ ደሴ ያለ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህም ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ተኩስ ሲሰማ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የንጋት እርምጃ የቅንጦት ወሬ ይሆናል። ስድስቱ ሴቶች በእንዲህ ያለው ሳምንት ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ነው ያሳለፉት። እስክስታም ተሞክሯል፤ የወሎ እስክስታ ትከሻውን ይሠራዋል፣ ጉልበቱን ግን አይምርም። በረመዳን ሰዓቱ ከተራዊህ በኋላ ሆነ፤ በዓቢይ ጾም ክርስቲያኖቹ «ዛሬ ቀስ» ሲሉ ሁሉም ቀስ አለ። ደንቡ ያስገድዳልና።

አሁን ያለው ክርክር ስለ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ንጋት የሚባል ነገር የለም፤ ጉምና ጭቃ ነው። ሴቶቹ የቅሬውን አዳራሽ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጥበትን ማለት ነው፣ ለጠዋት እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። የቅሬው ሹማምንት ሁለት እሑድ ተከራከሩበት። አንዱ «ለሐዘን የተሠራ ቤት ለዝላይ?» አሉ። ሌላው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ልጆቼ፣ ባለፈው ዓመት ከዚህ ቅሬ ስንት ሴት በግፊት ቀበርን?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ቆጠረ። ከዚያ በኋላ ብዙም የተናገረ የለም።

ቁልፉ የተሰጠው ለማክሰኞና ለሐሙስ ነው። አግዳሚዎቹን አንስተው ሲጨርሱ ወደ ቦታቸው እንዲመልሱ ተነግሯቸዋል፤ አርባ አግዳሚ ናቸው፣ ከባድ እንጨት። ለቅሶ ከገባ ቀጠሮው ይቀራል፤ ያን ቀን ሥራው ወጥ ማማሰል ነው።